ያልተፈታች ቋጠሮ

«ጋቢህን ስጠኝ እንጂ ደምሌ» አለች ታላቅ እህቱ ደጊቱ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። «ሰባት ቀን ሙሉ አፈር ላይ ስትጎትተው ከረምክ። ሰው ይመጣል፣ ያያል።»

ደምሌ ግን ምሰሶውን ተደግፎ ቁርበቱ ላይ እንደተቀመጠ የጋቢውን የቀኝ ጫፍ በመዳፉ ጨበጠ። በግራ በኩል፣ ከጉልበቱ ሥር፣ ሽፋኑ የተላላጠ ደብተር ነበረ። ለቀስተኛው ሁሉ አይቶታል፤ የጠየቀው ግን የለም። በር አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ብቻ፣ የሟች ልብስ ለደሃ ይሰጣል፣ ደብተር ግን ለማን ይሰጣል ሲባባሉ ሰምቷቸዋል።

ልጁ ፅጌረዳ ከተቀበረች ሰባተኛ ቀኗ ነው። ቀኑ አርብ ስለሆነ ከገበያ የሚመለሰው ሰው አህያውን አጥሩ ላይ እያሰረ ይገባል። ያጽናህ ይላል፤ ንፍሮ ይዘግናል፤ የግንቦት ዝናብ ስለመዘግየቱ በሹክሹክታ ያወራል፤ ይወጣል። ደምሌ የሚገባውን ሁሉ ቀና ብሎ ያይና መልሶ ያቀረቅራል። አርብ አርብ በዚህ ሰዓት ቤት ተቀምጦ አያውቅም።

ጠዋት ሚስቱ ፋንቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነግራዋለች። አርብ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ሁሪያ፣ ፅጌረዳ ግቢዋ ተከራይታ ትማር የነበረችው፣ መልእክት ልካለች። ልጇ ሂባ ያንን ደብተር ትፈልገዋለች፤ ለመጠየቅ ግን አፍራ ሳምንቱን ስታለቅስ ከርማለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደግሞም ግማሹ ድካም የእሷው ነው።

«ስጣት» አለች ፋንቱ። «ለእኛ ምን ይሆነናል?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፋንቱም ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

መስከረም ላይ ነበር ነገሩ የተጀመረው። ፅጌረዳ አንድ አርብ ፊቷ ጠቁሮ ከከተማ መጣች። የእንግሊዝኛ ቃል ያላካበተ ተማሪ ምንባቡ አይገባውም፣ ፈተናውንም አያልፍም ብሏቸዋል መምህራቸው። እንዴት እንደምታጠና ጠየቃት። አነበዋለሁ አለችው። ብቻሽን? ብቻዬን። ደምሌ ሳቀ።

«ብቻውን ሆኖ ግስ የቀጸለ፣ ቃል ያጠና ሰው አይቼ አላውቅም» አላት።

በልጅነቱ ስማዳ ወርዶ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መምህሩ የግዕዙን ግስ ይጠሩ ነበር፤ ተማሪው ፍቺውን ይመልሳል። ሐለየ? አሰበ። ኖመ? ተኛ። የሚጠራው አይመልስም፤ የሚመልሰው አይጠራም። አባቱ ሲሞቱ ቅኔ ሳይቆጥር ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት እጁ ላይ የቀረችው ይቺ የመጥራትና የመመለስ ሥርዓት ነበረች። ለልጁ የሰጣትም ይህችኑ ነው።

ሂባ ቃሉን ከነትርጉሙ ከስልኳ ታወጣለች፤ ፅጌረዳ ደብተሩ ላይ ትጽፈዋለች። ለአባቷ ብላ ደግሞ እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ትገለብጥና የሳምንቱን ቃል በቁራጭ ወረቀት ትተውለት ነበር። ደምሌ ወረቀቱን ዳዊቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ ሳምንቱን ሙሉ ያጠናዋል። ስታበርን፣ እምቢተኛ፤ ያው ወይፈኑ ቦራ ማለት ነው። ፍራጃይል፣ ቶሎ የሚሰበር፤ የደረቀ የባቄላ ቆባ። ጎረቤቶቹ ደምሌ በሬዎቹን ውጭ አገር ሊልካቸው ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ቦራ ፓስፖርት እስኪደርስለት ነው ብሎ ያልፋቸዋል።

አርብ ሲሆን መንገድ ላይ ካለው ወይራ ሥር ይጠብቃታል። ገና ከሩቅ ሲያያት፣ ሰላም ሳይላት በፊት፣ አንዱን ቃል ይጠራል። እሷም ከገበያተኛው መሀል ጮክ ብላ ትመልሳለች። እንዲህ እየተጠራሩ ቤት ይደርሳሉ። ፋንቱ ድምፃቸውን ከቁልቁለቱ ስትሰማ ነበር ራት የምታቀርበው።

የሳተችው ቃል ቅጣት ነበረው። ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር ትቋጥራለች፤ ቃሉን የመለሰች ቀን ራሷ ትፈታዋለች። ኅዳር ላይ ቋጠሮው በዝቶ፣ ፋንቱ ይሄ ጋቢ ነው ወይስ የመነኩሴ መቁጠሪያ ነው ብላ ነበር። ግንቦት ሲገባ ሁሉም ተፈትቶ አንዲት ብቻ ቀረች። ሊንገር።

ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ይቺ ቃል አልያዝ አለቻት። ደምሌ አንድ ጠዋት የበሽሎን ሸለቆ አሳያት። ፀሐይ ወጥታ፣ ሌላው ጉም ሁሉ ሄዶ፣ ገደሉ ሥር ተኝቶ የቀረውን ጉም በጣቱ ጠቆመላት። መሄጃው ደርሶ የማይሄድ፣ የሚቆይ፣ ሊንገር ማለት ያ ነው አላት። በሳምንቱ ሲጠራት ግን ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ወደ ሰማይ አየች። እሱ ጭኑን በጣቱ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ መታ፤ የሚሰጣት ጊዜ ያን ያህል ነበር።

«እኔ ዘንድ አታድርም አባዬ» አለች እየሳቀች። ክሩን አጥብቃ መልሳ ቋጠረችው። «በሚቀጥለው አርብ እፈታታለሁ።»

ሰኞ አተኮሳት። አርብ በዚያው መንገድ በቃሬዛ መጣች፤ ቅዳሜ ተቀበረች።

በእነዚህ ሰባት ቀናት ደምሌ ደብተሩን እየገለጠ በልቡ ሲጠራ ከርሟል። ፍቺውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሦስት መቶ በላይ ቃል በቃሉ ይዟል። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ መልሶ አያውቅም። የእሱ አፍ የጠሪ አፍ ነው። ይጠራል፣ ዝም ይላል፣ ይጠብቃል። ቤቱ ሞልቶ ሰው ያወራል። የሚመልስለት ግን የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሂባ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ አቧራው እስከ ጉልበቷ ነው። ያጽናዎ ጋሼ ብላ ከቁርበቱ ጠርዝ ተቀመጠች። ሴቶቹ ንፍሮ ሲያቀርቡላት አንዲት ፍሬ አንስታ በመዳፏ ያዘቻት። አንዴ ወደ ጉልበቱ ሥር አየችና አቀረቀረች። ደምሌ አየችው ብሎ ደብተሩን የበለጠ ተጫነው። ይሄ ከወጣ አርብ የሚባል ቀን አይኖርም ብሎ አሰበ። ከዚያ ልጅቷን አያት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል ገባው፤ እየቀጸለች ነው፣ ብቻዋን።

«ስታበርን?» አለ።

ሂባ ቀና አለች።

«እምቢተኛ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ግትር።»

«ፍራጃይል?»

«ቶሎ የሚሰበር።»

ፋንቱ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ወደ መንገዱ ዞረች፤ ወዲያው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ደምሌ ደብተሩን ሳይገልጥ ጠራ፤ ሂባ መለሰች። አንዳንዱን ሳተች፤ ጭኑን እየመታ ጠበቃት። ለቀስተኛው ንፍሮውን ማኘክ ትቶ ይሰማ ነበር።

«ሊንገር?»

ጣቱን አነሳ። ገና አንዴ ሳይመታ ሂባ መለሰች።

«መሄጃው ደርሶ መቆየት።»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ነጠላ የነከሰ፣ ወደ ሰማይ ያየ የለም። ትክክል ነው።

ሂባ ሥርዓቱን ታውቅ ነበር፤ ጓደኛዋ ሁሉን ነግራታለች። ጎንበስ አለችና እጇን ወደ ጋቢው ጫፍ ዘረጋች።

«ይቺን ተያት፣ ልጄ» አለ ደምሌ።

ጉልበቱን አነሳ። ደብተሩን አወጣና በሁለት እጁ ሰጣት። ሽፋኑ ሞቆ ነበር።

«ብቻሽን እንዳታጠኚ» አላት። «እናትሽ ትጥራልሽ።»

«እናቴ ፊደል አታውቅም፣ ጋሼ።»

ደምሌ በበሩ በኩል ወደ መንገዱ አየ።

«እንግዲያው አርብ አርብ ወይራው ሥር ነኝ» አለ።

ሂባ ወደ ከተማ ከሄደች በኋላ ደጊቱ ተመልሳ መጣች። እጇን ዘረጋች። ደምሌ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሰጣት፤ ጫፉን ግን አልለቀቀም። ደጊቱ ወደፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ጋቢውን በመሀላቸው ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ። እሷ በገበቴው ውሃ ላይ ጎንበስ ብላ ታሽ ጀመር። እሱ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ የተቋጠረችውን ክር ውሃ እንዳይነካት በመዳፉ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ አጥባ እስክትጨርስ ጠበቃት።