ትልሟን ጨርሼ እመጣለሁ

አባቴ የወደቀ ዕለት አሥራ አንድ ሴራሚክ ቀርቶኝ ነበር። ቁጥሩን የያዝኩት ያን ቀን ስለሆነ አይደለም፤ ሁልጊዜም ስንት እንደቀረኝ አውቃለሁ። መገናኛ አካባቢ በሚሠራ አዲስ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የረጅሙን ኮሪደር ወለል እያነጠፍኩ ነበር። ግድግዳው ጋ ለመድረስ አንድ መስመር ሲቀረኝ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። እጄን በቱታዬ ጠረግሁና አነሳሁት። ወንድሜ ቶሌሳ ነበር።

«አባ ጓሮ ወድቆ አገኘነው» አለኝ። «አልጋ ላይ አስተኝተነዋል። አንቺን ይጠራል። ቶሎ ነይ።»

«ሐኪም ቤት አትወስዱትም?»

«መኪና እየፈለግን ነው። ነይ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ ይቺን ትልም ጨርሼ እመጣለሁ።»

መስመር ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ትልም ነው። እኛ ቤት ሥራ ሁሉ ትልም ይባላል። ቶሌሳ ስልኩን ዘጋው። የቦካው ስሚንቶ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። ትቼው ብሄድ ይደርቃል፣ መስመሩም ጎዶሎ ያድራል። አሥራ አንዱንም አነጠፍኩ። በመሀል ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እጄ ስሚንቶ ስለነበር አላነሳሁትም። ስጨርስ ውሃ ልኩን አስቀምጬ አየሁ፤ ልክ ነበር። የስሚንቶ ማንኪያዬን አጠብኩ፣ ባልዲዬን አጠብኩ። ለፎርማኑ ለጋሽ ሀብቶም «አባቴ ታሞ ከተጠራሁ ቆየሁ፣ ልሂድ» አልኩትና ወረድኩ።

ካራ፣ ቤታችን ስደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም ምንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

እንዲህ ያለችው ልጅ ከየት ተገኘች ለሚል ሰው፣ ከአባቴ ከኢቲቻ እርሻ ነው የተገኘሁት። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰፈራችን ያኔ ድንች፣ ባቄላና ገብስ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ሥራዬ ድንች መኮትኮት ነው። አባ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ትልም ይሰጠንና ጫፉ ላይ እንጨት ይተክልልናል። ሕጉ አንድ ነው፤ እንጨቱ ጋ ሳይደርሱ ቀና ማለት የለም። ዝናብ ቢመጣ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ እባብ ቢመጣ ቀና ማለት የለም። እባብ የመጣ ዕለት እንኳን በጎን ዞሬ ነው ያለፍኩት።

«ወገብ የሚያመው ቀና ሲሉ ነው» ይለን ነበር። «ካላላችሁ አያምም።»

እውነቱን ነው። ጎንበስ ብሎ የቆየ ሰው የሆነ ሰዓት ላይ ወገቡ የሌላ ሰው ወገብ ይሆንበታል። አይሰማውም። ቀና ሲል ነው ተመልሶ የራሱ የሚሆነው።

ቶሌሳ ግን በየሦስት እርምጃው ቀና ይል ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና፣ ወፍ ሲጮህ ቀና፣ እናታችን ስታስል ቀና። አባ ጓል እያነሳ ይወረውርበታል። «ይሄ ልጅ ሰማዩን ነው የሚያርሰው» ይላል። እኔ የራሴን ጨርሼ እመለስና የሱን ግማሽ እኮተኩትለታለሁ። አባ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ግን እሳት ዳር ከሚጠበሰው በቆሎ ትልቁ ለእኔ ነበር፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

መሬቱ እየተቆረሰ ሄዶ በመጨረሻ ጓሮዋ ብቻ ቀረች። እኔ መጀመሪያ ስሚንቶ ተሸከምኩ፣ ቀጥሎ ለሴራሚክ ሠራተኛ ረዳት ሆንኩ፣ ከዚያ ራሴ ባለሙያ ወጣኝ። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አላረፈድኩም። ሳይት ላይ ትሕትና የምትባል ወጣት መሐንዲስ አለች፤ ስለ ሥራ ትጋት የሚያስተምሩ ሰዎችን በስልኳ ሙሉ ቀን ታዳምጣለች። «ለሊሴ፣ ይሄን ዲሲፕሊን ግን ከየት አመጣሽው?» ትለኛለች። «ከድንች» እላታለሁ። ትስቃለች። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

ቶሌሳ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ገባ ይላል፣ ወጣ ይላል። ሥራ የበዛ ዕለት አይገኝም። አባ የወደቀ ዕለት ጠዋት በሥራ ሰዓት ቤት የተገኘው ስለዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ እሰድበው ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ጉድጓዱን የእድሩ ሰዎች ሌሊቱን በዘነበበት ጭቃ ቆፍረውታል። አፈሩ ሲመለስ አጠገቤ የተጋደመ አካፋ አየሁና አነሳሁት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አባይነህ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«ተይ ልጄ፣ ይሄ የእኛ ሥራ ነው» አሉኝ። «ያንቺ ሥራ ማልቀስ ነው።»

ያንን ሥራ አልቻልኩበትም። ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ጎረቤት እየገባ ያለቅሳል፣ አልቅሶ ዓይኔን ያያል፣ ዓይኔ ደረቅ ነው። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩና ሳፋ ላይ የተከመረውን ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ሠናይት እጄን ይዘው ከውሃው አወጡት።

«ሐዘንተኛ ዕቃ አያጥብም፤ ሂጂ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ስሚንቶ የደረቀበት እጅ ሲነኩት እንደማይሰማው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አባቴ ሞቷል እላለሁ በሆዴ፣ መልስ የለም። ብሉ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ። የድንኳኑ ሸራ አርባ ሁለት ቀለበት አለው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሀብቶም ከሳይት ሠራተኞችን ይዞ ሊያስተዛዝን መጣ። ደግ ሰው ነው። ትንሽ ተቀመጠና ወደ ጋሽ አባይነህ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ አቶ ኢቲቻን አላውቃቸውም፤ ልጃቸውን ግን አውቃለሁ» አለ። «እንዲህ ያለች ሠራተኛ ያሳደጉ ሰው ስማቸው አይጠፋም። ያን ዕለት እንኳን አባትሽ ታመዋል፣ ነይ ተብላ ተጠርታ፣ መስመሯን ጨርሳ፣ ዕቃዋን አጥባ ነው የወጣችው። በማግስቱ ሄጄ ወለሉን በውሃ ልክ አየሁት። አንዲት ስህተት የለውም።»

ሊያመሰግነኝ ነው ያለው። እትዬ ሠናይት አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ። እናቴ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቶሌሳ እኮ መንገድ ተዘግቶባት ነው ብሎን ነበር» አለችኝ።

ቶሌሳ ማዶ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሦስት ቀን ሙሉ ለእኔ ሲል ሲዋሽ መክረሙን ያኔ ነው ያወቅሁት። ማፈር ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ መጣ፣ ማፈሩ ግን አልመጣም። ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮው አባ እንደተወው ነበር። አምስት ትልም ድንች፣ ሦስቱ ተኮትኩተዋል። አራተኛው እስከ መሀሉ ድረስ አፈሩ ተቆፍሮ ለስልሷል፣ ከዚያ ወዲያ አረም ነው። መኮትኮቻው የወደቀበት ቦታ ተጋድሟል፣ ዝናብ መትቶት እጀታው ጠቁሯል። ጫፍ ላይ እንጨት ተተክሏል። ለማን እንደሚተክለው እንጃ፤ ብቻውን ሲሠራም ለራሱ ይተክል ነበር ማለት ነው።

አባቴ ትልም ጎዶሎ ትቶ አያውቅም። መኮትኮቻውን አነሳሁ፣ ጎንበስ አልኩና እሱ ካቆመበት ጀመርኩ። እጄ ሥራ ሲያገኝ ደስ አለው። አፈሩ እርጥብ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ የቶሌሳን እርምጃ ሰማሁ።

«ለሊሴ፣ ተይው።»

«ጎዶሎ አይቀርም።»

«ያን ቀን ሁለቴ ደወልኩልሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ። እጄ ስሚንቶ ነበር።»

«አባ ነው ደውል ያለኝ።»

መኮትኮቴን አላቆምኩም። «ምን ፈልጎ?» አልኩት፣ ወደ መሬት እንዳየሁ።

ሲናገር ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«የት ደረሰች አለኝ። ትልሟን እየጨረሰች ነው፣ እንደጨረሰች ትመጣለች አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ጣራውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ‹ቀና ትበል› አለኝ። ‹ደውልና አባትሽ ቀና በይ ብሏል በላት።› ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ‹አልሰማችም፣ ድገምላት› አለኝ። ድጋሚ ደወልኩ። ስልኩ እስኪያቆም ድረስ አፌን ያይ ነበር።»

እንጨቱ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ እግር ድንች ቀርቶኛል። ዘጠኝ ብዙ አይደለም፤ ቶሎ የሚያልቅ ነው። መኮትኮቻውን አንድ ጊዜ አነሳሁት፣ ግን መሬት አላሳረፍኩትም። ከጎኔ ጣልኩትና እዚያው ትልሙ መሀል ላይ ቀና አልኩ።

ወገቤን አመመኝ። ከወገቤ ተነስቶ ወደ ደረቴ ወጣ፣ ከዚያ ጩኸት ሆኖ ከአፌ አመለጠ፣ ትልሙ ላይ ተንበረከክኩ። ቶሌሳ ድንቹን እየረገጠ ሮጦ መጥቶ በብብቴ ያዘኝ። ድንኳን ያሉት ሰዎች ጩኸቴን ሰምተው እየወጡ ነበር።

«አመመኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ያውቀዋል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቀና ሲል ነው የኖረው።