ቆመው ያሉት «እሺ»

ሲስተሯ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከሽማግሌው ክንድ ላይ ሳትፈታ፣ እንደተኙ ወራቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲቆጥሩላት ጠየቀቻቸው።

ቆጠሩ። ድምፃቸው እንደ ሕመማቸው ዝግ ያለ ቢሆንም አንድም ወር አልዘለሉም። ሲጨርሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «ዓመቱን ገልብጠሽ ልትደጉሺው ነው?» አሏት። ዕድሜያቸውን መጽሐፍ ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሲስተሯ ሳቀች። ልጃቸው አልሳቀችም። ወንድሟም ጎረቤቱም እትዬ የሚላት ይህች አስታማሚ፣ አባቷ እንዲህ ሲቀልዱ መቼ እንደሰማቻቸው ማስታወስ አቅቷት የአልጋውን ብረት ይዛ ቀረች።

ቀጥሎ ደግፈው አስነሷቸው። እጃቸው ከጎናቸው እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። ሲስተሯ ጥቂት ቆይታ ለካች፤ የመለኪያውን ቁጥር መዝግባ ያንኑ ጥያቄ ደገመችላቸው። ሁለት ወር ጠርተው አቆሙ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ፈዘዘ። እትዬ ቀስ ብላ «ከዚያስ አባባ?» ስትላቸው ዞር ብለው፣ ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ ትሕትና፣ «እሺ» አሏት።

ሐኪሙ ነገሩን አለሳልሶ አስረዳት። ፓርኪንሰን እጅ በማንቀጥቀጥ ብቻ አያበቃም፤ ሰው ሲነሳ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋውን የሰውነት ሥርዓትም ያዳክማል። እሳቸው ሲቆሙ ግፊታቸው ይወርዳል፤ አንጎላቸው ደም ያጥረዋል፤ ሐሳባቸውም ይደበዝዛል። መድኃኒቱን አስተካክላለሁ፣ ውኃ አብዝተው ይጠጡ፣ ቀስ ብለው ይነሱ አላት። በሽታው ግን የራሱ መንገድ እንዳለው፣ ይድናሉ ብሎ ቃል እንደማይገባላት አልደበቃትም። «አእምሯቸው አልጠፋም» አለ በመጨረሻ፣ ቤት ውስጥ ቆመው እንደሚጠየቁ ስትነግረው፤ «የምትጠይቋቸው ሲቆሙ ሆኖ ነው።»

እትዬ በታክሲው ውስጥ አባቷ ትከሻዋ ላይ ሲያንቀላፉ ይህን ቃል ስታላምጥ መጣች። በእነሱ ቤት ለተኛ አባት ቁም ነገር ማንሳት ነውር ነው። ስለዚህ የሚማከሩት ነገር ሲኖር ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሳሎን መሐል በልጆቻቸው ክንድ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ያኔ ይጠየቃሉ። ባለፈው ሳምንት ወንድሟ የመደጎሻ ቤቱ ይሸጥ እንደሆነ የጠየቃቸውም እንደዚያ ነበር። «እሺ» አሉ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከጠየቀ በኋላ ወጥቶ አልቅሷል። ገዢውን ይዞ የሚመጣው ዛሬ ከሰዓት ነው።

አልጋ ላይ ሆነው የሚናገሩትን ደግሞ ቅዠት ነው ይሉ ነበር። ስንት ጊዜ ከትራሳቸው ቀና ብለው «የመደጎሻ መጭመቂያዬን አትንኩብኝ» ብለዋታል። እሷም ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስባ፣ ማንም አይነካብዎትም፣ ይተኙ ስትል ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አባብላቸዋለች። ጌታዬ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ሰውየው ቤት እያሉ እኛ ደጅ ደጁን ስንፈልጋቸው ከረምን።

ቤት ደርሰው አስተኛቻቸው። ውኃ አጠጣቻቸውና ዓይናቸው እስኪጠራ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ መደጎሻው ይሸጥ ብለዋል» አለቻቸው።

«እኔ?»

«እርስዎ። ሳሎን ቆመው።»

መናደዳቸውን ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ፈራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌላስ ምን ብያለሁ?» አሏት።

መዋሸት ትችል ነበር። የሟች እናቷ ልብስ ለሰው መሰጠቱን ነገረቻቸው፤ እሱንም እሺ ማለታቸውን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰማያዊው ሹራብም ሄዶ እንደሆነ ጠየቋት። ሄዷል አለቻቸው።

የውጪው በር ሲከፈትና የወንድሟ ድምፅ ከገዢው ድምፅ ጋር ሳሎን ሲገባ ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«ኮቴን አምጪና አንሺኝ። አልሸጥም ልበላቸው።»

«ሲነሱ ይጠፋብዎታል፣ አባባ።»

«ተኝቶ እንግዳ የሚቀበል ሬሳ ነው።» እጃቸውን ዘረጉላት።

እትዬ እጃቸውን ያዘች እንጂ አልሳበችም። ይህን ጊዜ ወንድሟ ገባ፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳቸው ክንዱን ከጀርባቸው ሥር ሰደደ። ክንዱን በሌላ እጇ ያዘችው።

«ተው። እንደተኙ ጠይቃቸው።»

«እትዬ፣ አባቴን ጋደም እንዳሉ ይሽጡ ልበላቸው?» አላት በሹክሹክታ፤ «ሰው ምን ይለናል?»

አባቱን ሲያይ ግን ልጅ ሆኖ ወረቀት ሲያበላሽባቸው ያዩት የነበረው ያ ሙሉ ዓይን ላዩ ላይ ነበር። ክንዱን ቀስ ብሎ አወጣ። ቆሞ ቁልቁል ሊያያቸው አልሆነለትም፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ፊቱ ከፊታቸው ትክክል ሆነ።

ሳሎን ውስጥ ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ…» አለ ወንድምየው። ባለፈው ሳምንት የጠየቃቸው ጥያቄ አሁን አፉ ውስጥ ከበደው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁት።