ቁልቁለት ላይ የማይነገር ወሬ

ኃላፊዋ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ውሸትን እንደዚያ የሚያጣፍጥ ሰው እውነትን ማጣፈጥ አያቅተውም» አለችኝ። ሙገሳ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ትእዛዙ የመጣው ኋላ ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅታችን ከአንድ ትልቅ ድርጅት ጋር ተዋህዷል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መኪና የሚነዳው ቅጥር ሾፌር ብቻ ነው። ሽማግሌው ሾፌራችን ጋሼ ደግሞ በነጻ ነው የሚነዱት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የኩላሊት ሕመምተኞቻችንን ከተራራው ሰፈር እያወረዱ ሆስፒታል ለእጥበት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ደግፎ ማውረድና ማውጣት የኔ ድርሻ ነው። የቀድሞው ኃላፊ፣ «አዲስ መኪና ሲመጣ መሪው የእርስዎ ነው» ብሏቸው ሄደ። መኪናዋ መጣች። ጋሼም ባለቤታቸው የሰፉላትን የወንበር ልብስ በፌስታል ይዘው ይዞራሉ።

እኚህን ሰው ነው «ከእንግዲህ አይነዱም» በላቸው የተባልኩት።

ጋሼ አንድ አመል አላቸው፤ የሚያናግራቸውን ሰው ፊቱን ካላዩ መስማት አይሆንላቸውም። ሲስቁ ደግሞ መሪውን ለቀው ጭናቸውን ይመታሉ። መንገዱ ቁልቁለት፣ በቀኝ ገደል፣ መታጠፊያው እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው። በማግስቱ ሕመምተኞቹን ጭነን ስንወርድ፣ ወሬውን በቀልድ ላለዝበው ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ባለተሳቢውን በኋሊት ነድቼ በረሃውን ያቋረጥኩ ጊዜ…»

ዞሩ። ሳቁ። ጭናቸውን መቱ። የመኪናው አፍንጫ ገደሉን አየና ተመለሰ።

«ባለፈው ግመል ነበረች የምትጎትትህ አላልክም?»

«ደክሟት ጋቢና አስገባኋት።»

«አንተ ቀዳጅ፣ አፍህን ዝጋ» አሉ ከኋላ ከተቀመጡት ሕመምተኞች አንዷ፣ እማማ። «የደከመው ኩላሊቴ ነው፤ ሌላው አካሌ ገና ይፈለጋል።»

ሆስፒታል ስንደርስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጋሼ ግን እንደገና ዞሩ።

«አዲሷን መቼ ነው የሚያስረክቡኝ?»

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ። ከተወለድኩ እንዲህ ባዶ ሆኖብኝ አያውቅም።

«ለቅጥር ሾፌር ተሰጠች። እርስዎ… ቢሮው በር ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበሉ ተብሏል።»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ከዚያ ወዲያ አንዴም አልዞሩም። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ተጣበቀ፤ መኪናው ቁልቁለቱን ያለ ኮሽታ ወረደ። የምር የፈራሁት ያኔ ነው። እማማ እንኳ መሳደቡን ተዉት።

ሕመምተኞቹን አስገብቼ ስመለስ ጋሼ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ሲጨርሱ አንተ ትመልሳቸዋለህ።»

«እኔ?»

«በረሃ ያቋረጥክ ሰው ይቺ ዳገት ታቅትሃለች?»

«ጋሼ፣ እኔ ብስክሌት እንኳ አልችል።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ አልሳቁም። «አንተ ስትቀድ ቀደዳ መሆኑን እያወቅሁ ነው የምሰማህ። እነሱን ግን አምኜ ነበር።»

ሄደው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። እኔም ቁልፉን እንደ ፍም ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ባይነሱስ? ማን ተራራውን ያወጣቸዋል እነዚህን ሰዎች?

እማማ ከእጥበቱ ሲወጡ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠሉ። ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሄ ነው የሚወስደን?» አሉ ወደ ጋሼ ዞረው።

ጋሼ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱና ቁልፉን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእማማ ስል ነው። አንተ ደግሞ ያየኸውን ለኃላፊህ ንገራት። ግመል እንዳታስገባበት።»

ዳገቱን ስንወጣ የወንበር ልብሱ ፌስታል ጭኔ ላይ ነበር። ነገ ኃላፊዋ ፊት የምለውን በሆዴ ደጋገምኩት፤ ምንም ያልተጨመረበት፣ አጭር ነገር። ከገደሉ ይልቅ እሱን ፈራሁት።