ከቀዩ ሞኬት ሥር

ከተራራው ግርጌ በተደረደሩት ጋራዦች ሰፈር ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ነበር፤ ባለሙያ የባለሙያን ሥራ በባለንብረቱ ፊት አያነውርም። ቀለም ቀቢው ላሜራ ቀጥቃጩን፣ ላሜራ ቀጥቃጩ ወንበር አልባሹን አያማም። የጎረቤቱን ጉሮሮ የዘጋ እጁ ይደርቃል ይባላል። ፈሩጃ ይህን ካገባች ጀምሮ ታውቀዋለች። ባሏ ቡሳድ የመኪና ወንበር ሲያድስ ልባሱን የምትሰፋው እሷ ናት።

ሰፈሩ በአክብሮት «ላላ» የሚላቸው የባልቴቷ የጁሀር መኪና የመጣችው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ነጭ፣ የድሮ የፈረንሳይ መኪና ናት፤ የሟች ባላቸው ነበረች። በለስ ዛፍ ሥር ቆማ የስንቱን ክረምት ዝናብ ጠጥታለች። አሁን ልጃቸው ይዲር ሊያገባ ስለሆነ፣ ሙሽራይቱን ከላይኛው መንደር በአባቱ መኪና እንዲያመጣት ፈለጉ። ላሜራ ቀጥቃጩ ሽማግሌ ውራምዳን ወለሏ ላይ ላሜራ ለጥፎ፣ ሬንጅ ቀብቶ ጨረሰና ሠራተኞቹ መንገዱን አሻግረው ወደ ቡሳድ ሱቅ ገፏት።

ቡሳድ አሮጌውን ልባስ እየተረተረ ያቀብላታል፤ ፈሩጃ ቁራጩን አዲሱ ቆዳ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች። ሞላውን አጠበቀ፣ የነተበውን ስፖንጅ ቀየረ። ከዚያ ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ሞኬት ሊለካ ተንበረከከ። ከፊት፣ የተሳፋሪው ወንበር በሚታሰርበት ቦታ፣ ጉልበቱን ሲያሳርፍ ወለሉ እንደ ትኩስ ቂጣ ሰመጠ። በወስፌ ነካ አደረገው። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ።

«ፈሩጃ» አለ ቀስ ብሎ። «ነይ እስኪ እዪ።»

አዲሱ ላሜራ እዚህ ጋ አልደረሰም፤ ከሬንጁ ሥር ብረት አልነበረም። የወንበሩ ብሎኖች የሚታሰሩት ዝገትና ሬንጅ ላይ ነው።

«ዳ ውራምዳን አላየውም» አለ ቡሳድ፣ ሽማግሌውን እንደ ታላቅ ወንድም «ዳ» ብሎ ነው የሚጠራው። «ዓይኑ ደክሟል።»

«እንግዲያስ ሄደህ ንገረው!»

ሄደ። ቡሳድን ያለ አባት ሲቀር ሱቁ ውስጥ አስተኝቶ፣ ከሳህኑ አብልቶ ያሳደገው ውራምዳን ነው። ሽማግሌው መዶሻውን ሳያስቀምጥ ሳቀበት።

«ጨርቅ ሰፊ ብረት ሊያስተምረኝ መጣ! ስሙልኝ እናንተ!»

«ዳ፣ ወስፌ እኮ ገባበት።»

«ወስፌ የት የማይገባበት አለ? ይልቅ ምላስህን ስፋበት!»

ዙሪያውን ያሉት ሠራተኞች አሽካኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሽማግሌው ክንዱን ያዘውና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ቡሳድ ልጄ፣ ሰው ከሰማ ከእንግዲህ ማን መኪና ያመጣልኛል?»

ቡሳድ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«ሆድ ይፍጀው ነው የሚለው።»

«ነገሩን ሆድ ይፈጀዋል። ወንበሩን ምን ይይዘዋል?»

ቡሳድ ከብሎኖቹ ሥር ሰፋፊ የብረት ቁራጮች አስገብቶ አጠበቀ። «ይይዛል» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም። በላዩ ቀዩን ሞኬት በማስቲሽ አነጠፈ። ጠርዙን የጠለፈችው ፈሩጃ ናት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

ላላ ጁሀር ሊያዩ መጡ። ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና ቆዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ እንባቸው ወረደ።

«ነፍሱን ይማረውና እዚህ ነበር የሚያስቀምጠኝ። ለሠርጉ ሐሙስ ከልጄ ጎን እዚሁ ነኝ።»

«ላላ ጁሀር፣ መኪናዋ…» አለ ቡሳድ።

«ምን ሆነች?»

ከመንገዱ ማዶ የውራምዳን መዶሻ ቆመ።

«ማስቲሹ ገና አልደረቀም።»

«አይ አንተ! እስከ ሐሙስ ይደርቅ የለ!»

ሐሙስ ጠዋት ፈሩጃ ልትናገር ቆርጣ ወጣች። ሕጉም ይቅር፣ ሱቁም ይዘጋ አለች። የላላ ጁሀር ግቢ በእልልታ ይናወጣል፤ መኪናዋ በሪባን ተጠቅልላለች፤ ላላ ጁሀር የፊተኛውን በር ይዘዋል።

«ላላ ጁሀር፣ አንዴ ይስሙኝ…»

ቡሳድ ቀደማት። «እናቴ፣ ከኋላ ይሁኑ እንጂ! ሙሽራዋን ማን ያቅፋት? ይህን ወንበር የሚፈትነው የሠራው ነው።»

«ይኸ ደግሞ ከየት የመጣ ወግ ነው?» አሉ ላላ ጁሀር።

«ለኩስኩሱ ቀድሞ ሊደርስ ነዋ!» አለ አንዱ።

«በዚያ ቦርጭ ወንበሩን እንዳትሰብረው!» አለ ሌላው። ግቢው በሳቅ ሞላ። ላላ ጁሀርም እየሳቁ ከኋላ ገቡ፤ ቡሳድ ከፊት ተቀመጠ።

ፈሩጃ ክንዱን ያዘች። «ውረድ።»

«ይዲርን ቀስ ብሎ እንዲነዳ አደርገዋለሁ። ስንመለስ ሞኬቱን በእጄ አንስቼ አሳያቸዋለሁ፤ ቃሌ ነው።» ጣቶቿን አላቀቀና በሩን ዘጋ።

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ። የክላክሱ ጩኸት ወደ ተራራው ወጥቶ ጠፋ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከሙሽራይቱ ጋር ተመልሶ ይሰማ ጀመር። በየጥምዝምዙ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ከዚያ አንድ ክላክስ ብቻውን ሳይቋረጥ ረጅም ጮኸ። ሌሎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ሴቶቹ እልልታቸውን አላቆሙም። ፈሩጃ ግን የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠች።

አህያ ነው መንገዱ ላይ የገባው። ይዲር ፍሬን ያዘ፤ ያን ያህልም አልፈጠነም። ሁሉም ወደ ፊት ተንገጫግጮ ወደ ቦታው ተመለሰ። የፊተኛው ወንበር ብቻ ከነሰውየው አልተመለሰም።

በቡሳድ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «የተጻፈ ነው» ይላል። ውራምዳን ከወንዶቹ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ላላ ጁሀር የፈሩጃን እጅ ይዘው ያለቅሳሉ።

«የእኔን ሞት ወሰደብኝ። ከኋላ ሲያስቀምጠኝ ያወቀ ይመስል…»

«ያውቅ ነበር» አለች ፈሩጃ።

ላላ ጁሀር ቀና አሉ።

«ፈሩጃ፣ ልጄ…» አለ ውራምዳን ከደጃፉ።

«ምኑን ነው የሚያውቀው?» አሉ ላላ ጁሀር።

ፈሩጃ ወደ ሽማግሌው አልዞረችም። እንባዋን በሌላው እጇ ጠረገችና፣ የባሏንም ዝምታ ሳታስቀር፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።