ሠላሳ አምስቱ ሌንስ

ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአውቶቡስ ማረፊያው ጀርባ ባለች አንዲት ሱቅ ደጅ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባት ከድሩ፣ እናት አሪፋና ልጃቸው ታጁ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ሱቁ በማግስቱ ጠዋት ይፈርሳል።

ከድሩ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ቀን ቀን ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ጎረቤቶች ከነአልጋው ተሸክመው ከደጃፉ ኒም ዛፍ ስር ያወጡታል። ከወሎ መጥቶ ሱቁን የሠራው፣ ዛፉን የተከለው፣ ከበሩ በላይ «በረካ ሱቅ» ብሎ በአረንጓዴ ቀለም የጻፈው እሱ ነው። ልጁን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጽሑፉ ጋር አንድ ላይ ፎቶ እንዲያነሳው።

የታጁ ካሜራ አሮጌ ሌንስ ሲመሽ ፊት ያደበዝዛል። ፍላሹ ደግሞ ሰውን አመድ አስመስሎ ቤቱን ያጨልማል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ሰመራ ለሚኖረው ፎቶ አንሺ ለሙእሚን ደወለ። ሙእሚን በምሽት ብርሃን የሚያነሱ፣ ዙም የሌላቸው ሁለት ሌንሶች ነበሩት፤ ባለ ሃያ አራትና ባለ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር።

«ለመንገድ ሃያ አራቱን ውሰድ፤ ከቅርብም ሰፊ ቦታ ያስገባል» አለው። «ግን ሰው አፍንጫ ስር ካልቆምክ አይሆንም። አንተ ደግሞ ግድግዳ ካልተደገፍክ ሰው አታነሳም።»

ታጁ አፈረ። በቀትር ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግንብ ተደገፈና ዙም ያለውን አሮጌ ሌንስ ሠላሳ አምስት ላይ አድርጎ አየ። ከዛፉ እስከ በሩ ሁሉም ገባ። ሰው ሳይጠጋ ማንሳት ከቻለማ ምን ቸገረው? ሠላሳ አምስቱን መረጠ። አሮጌውን በመያዣነት በሾፌር እጅ ሰመራ ላከ፤ የመረጠው ሐሙስ ደረሰለት።

በቀትር ግን መንገዱ ባዶ ነው። ሲመሽ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ለአዳር ግንቡን ይዘው ይደረደራሉ። እዚያው ተወልዶ ያደገው ታጁ ይህን ረሳ። አሁን ጀርባው የከባድ መኪና ጎማ ነክቶ ቆሟል። አባቱ ፎቶው ውስጥ ሲገባ በሩ ይወጣል፤ በሩ ሲገባ አባቱ። ሰፊው ሃያ አራት ቢሆን ሁለቱንም ያስገባ ነበር። መኪናው ጭነት ላይ ቢወጣ ቅርንጫፉ አልጋውን ይሸፍንበታል።

ሾፌሩን ለመጠየቅ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። በሦስተኛው፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ ብሎ ለመነው።

«ወንድሜ፣ ፊቴንም ኋላዬንም እይ» አለው ሾፌሩ። «ልብረር?»

አልጋውን አንስተው ወደ በሩ የሚያስጠጉለት ጎረቤቶች የመግሪብ ሶላት ሊሰግዱ መስጊድ ገብተዋል። እስኪመለሱ ብርሃን አይጠብቅም።

«ቶሎ በል፣ ልጄ» አለች አሪፋ።

ታጁ ወደ አልጋው ራስጌ ሄዶ ተንበረከከ። ከዚያ ጥግ የአባቱ ፊትም፣ በሩም ገቡለት። ነገር ግን ብርሃን እንዲበቃው የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ከፍቶታል፤ ያኔ ደግሞ ቅርቡና ሩቁ አንድ ላይ አይጠሩም፤ አባቱ ሲጠራ ጽሑፉ ይቀልጣል፣ ጽሑፉ ሲጠራ አባቱ ይጠፋል። ቢያጠበው ሁሉም ይጨልማል። አንዴ አባቱን፣ አንዴ በሩን አየ፤ ከበሩ በላይ ያለው ፊደል እየጨለመ በዓይኑ እያየው ደበዘዘ። ሌንሱን አባቱ ላይ አጥርቶ ቁልፉን ተጫነ።

ከድሩ ካሜራውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ፊቴንማ አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ጽሑፉ የታለ፣ ታጁ?»

ታጁ ከፊቱ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ ጭጋግ በጣቱ አሳየው።

አርብ ጠዋት ሱቁ ፈረሰ። ሌንሱም በቀትሩ አውቶቡስ ወደ ሰመራ ተመለሰ።