ሽቦው ወይስ ፍልውሃው

ዶን ኤቫሪስቶ ቬኔጋስ ሱቄ የገቡት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። ባርኔጣቸውን አራገፉ። ሳሙናውን አዩ፣ ክብሪቱን አዩ፣ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ አንስተው እያገላበጡ አነበቡ። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤታሞች ነን፤ ሰርዲን ሲበሉ አይቼ አላውቅም።

"ሊግያ፣" አሉኝ በመጨረሻ፣ "እነዚያን ወረቀቶች የሚወስዷቸው የውጭ ሰዎች ብቻ ናቸው?"

የጉብኝት ማስታወቂያ ወረቀቶቹ ከሱቁ በር አጠገብ መደርደሪያ ላይ ናቸው። በከተማችን በላ ፎርቱና እንደዚያ ያለ መደርደሪያ የሌለው ሱቅ የለም፤ ከዳቦና ከሻማ ጋር ጉብኝትም እንሸጣለን። ፍልውሃ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ከዛፍ በላይ በሽቦ ታስሮ መብረር አለ።

"መታወቂያ ይዞ ለመጣ የአገሬው ሰው በግማሽ ዋጋ ነው፤" አልኩ። "ለማን ነው?"

"እንዲያው ለማወቅ ነው።"

"ለዶኛ ሶራይዳ ነው?"

ጆሯቸው ቲማቲም መሰለ።

ዶኛ ሶራይዳ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እኔን ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስድስተኛ ላይ ትምህርት ማቆሜን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ዶን ኤቫሪስቶም ሚስታቸውን ቀብረው ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ካሏቸው አራት ላሞች የሚያወጡትን አይብ በየቅዳሜው ይዘው ይመጡና በዶኛ ሶራይዳ በረንዳ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ተነስተው ይሄዳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ! እርግጥ ነው፣ እኛ ዘንድ ዝናብ አያልቅም።

በዚያ ወር ግን የዶኛ ሶራይዳ ልጅ ፍሎሪቤት ከካርታጎ ከተማ ደውላ "እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ" አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ካርቶኖቹ ታስረው አልቀዋል፤ የአውቶቡሱ ቲኬት ለማክሰኞ ተቆርጧል። የቀረው አንድ እሁድ ብቻ ነበር።

"እሁድ አንድ ቦታ ልወስዳቸውና ልነግራቸው ነው፤" አሉ ዶን ኤቫሪስቶ ሰርዲኑን እያዩ።

"ምን ብለው?"

"እንዳይሄዱ።"

አሁን ሳስበው ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን መደርደሪያውን ወደ እሳቸው ጎተትኩት።

"ፍልውሃው ጥሩ ነበር፤" አሉ አንዱን ወረቀት በጣታቸው እየነኩ። "ነገር ግን የዋና ልብስ ሊለበስ ነው። የእኔ ሰውነት ፀሐይ ያየው አንገትና ክንድ ብቻ ነው። የቀረው አይብ ነው፣ ሊግያ። እሳቸው ምን የሚወዱ ይመስልሻል?"

"ሽቦውን!" አልኩ። አፌን በቆረጠው። "ባለፈው ሰዎቹ ከዛፉ በላይ ሲበሩ ቀና ብለው አይተው 'እንዴት ደስ ይላል!' ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ዶን ኤቫሪስቶ ብርቱካን ለማውረድ መሰላል የማይወጡ ሰው ናቸው፤ ሰው ከፍለው ያስወጣሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ቢሆንም ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ "እሳቸው ከወደዱ እኔም እወዳለሁ፤" አሉ። "ለሦስት ሰው ጻፊ። ሁለታችን ብቻ ብንሄድ ሰው ያወራል፤ አንቺም ትመጫለሽ።"

በማግስቱ ዶኛ ሶራይዳ መጡ።

"ዶን ኤቫሪስቶ ሽቦ ላይ ጋበዙኝ። እውነት እሳቸው ይኼን ነገር ይወዱታል?"

"በጣም እንጂ!" አልኩ። ምን ልበል? ተከፍሎበታል።

የፍልውሃውን ወረቀት አነሱ። በእንፋሎቱ መሃል የተቀመጠችውን ሴትዮ ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ አስተካክለው አጠፉና ወደ ቦታው መለሱት።

"እንግዲያው በደስታ ነዋ፤" አሉ።

ይቺ "በደስታ" የምንላት ነገር የሰፈራችን በሽታ ናት። እኛ ጋ "አይሆንም" የሚል ሰው ካጋጠመህ ወይ ከዋና ከተማ የመጣ ነው፣ ወይ ታሟል። የፍልውሃውን ወረቀት እንዴት እንዳዩት አይቻለሁ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ነገሩ በተቃና። እኔም ለዶን ኤቫሪስቶ ብዬ፣ ለዶኛ ሶራይዳ ብዬ፣ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ዝም አልኩ።

እሁድ ሽቦው ያለበት ቦታ ስንደርስ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ከነጭራሹ አልነበረም፤ ደመና ውጦታል። እንደ ጆንያ ከጭን እስከ ትከሻ አሰሩን፤ የራስ ቁር ደፉብን፤ ከእጃችን የሚተልቅ የቆዳ ጓንት አለበሱን። አስጎብኚያችን ጀኔት የምትባል ክንደ ብርቱ ሴት ነበረች። መጀመሪያ አጭር የመለማመጃ ሽቦ አለ፤ ከመሬት ብዙም አይርቅም። እሱን ስንጨርስ ጀኔት ቆመች።

"አሁን ስሙኝ። መመለስ የሚፈልግ ካለ ቦታው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ መውረጃው በሽቦው ብቻ ነው። ዶኛ፣ ይቀጥላሉ?"

"በደስታ!" አሉ ዶኛ ሶራይዳ።

"ዶን?"

ዶን ኤቫሪስቶ አማተቡ። "በደስታ።"

"እርስዎስ?"

እኔ ብቻዬን ልመለስ? "በደስታ!" አልኩ።

ሁለተኛው ሽቦ ከገደል በላይ ነው። ታች ወንዝ አለ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ዓይኔን አልገለጥኩም። ልትቀበለን ጀኔት ቀድማ ተሻገረች፤ ባልደረባዋ ከኋላ እየገፋ ላከን። ዶን ኤቫሪስቶ የሄዱት የቅዱሳንን ስም እየጠሩ ነው፤ እንደደረሱ የማረፊያውን የእንጨት ወለል የተሸከመውን ዛፍ በሁለት እጃቸው አቀፉት። እኔ ተከተልኩ። ሦስተኛ ዶኛ ሶራይዳ መጡ፣ መጡ፣ መጡና... መሃል ላይ ቆሙ።

"አትስጉ፤" አለች ጀኔት ራሷን ከሽቦው ጋር እያሰረች። "ክብደቱ የቀለለ ሰው እንዲህ ይቆማል። ሄጄ እጎትታቸዋለሁ።"

ዶኛ ሶራይዳ በዝናቡ ውስጥ ተንጠልጥለው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። አንዴ ፊታቸው፣ አንዴ ጀርባቸው ወደ እኛ ይመጣል። ከዚያ ጮኹ፤ ያ ክፍል ውስጥ ሲቆጡን የነበረው ድምፅ ነው።

"ዶን ኤቫሪስቶ!"

"አቤት!"

"ይኼን ነገር እውነት ይወዱታል?"

"እርስዎ ከወደዱት..."

"የጠየቅኩት እርስዎን ነው!"

ዶን ኤቫሪስቶ ዛፉን አጥብቀው ያዙ። "አልወደውም! ሊገድለኝ ነው!"

"ታዲያ እኔ እዚህ ምን ላደርግ ነው የተንጠለጠልኩት?"

"እርስዎ ይወዱታል ተብዬ ነዋ!"

"ማነው ያለው?"

ዶን ኤቫሪስቶ ዞረው አዩኝ። እኔ የራስ ቁሬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ።

"ያማረኝ ፍልውሃው ነበር!" ጮኹ ዶኛ ሶራይዳ ጀርባቸውን ሰጥተው። "ጉልበቴን ያመኛል!"

"እኔንም! የእኔም ጉልበት ያመኛል!"

ጀኔት በእጇ ሽቦውን እየሳበች ወደ እሳቸው ስትሄድ ሳቋ ጉልበቷን ይነሳት ነበር። ዶን ኤቫሪስቶ አንድ እጃቸውን ከዛፉ አላቀቁ።

"ዶኛ ሶራይዳ! ካርታጎስ? ካርታጎን ይወዱታል?"

ጀኔት ደርሳ አሰረቻቸውና ወደ እኛ መጎተት ጀመረች። ዶኛ ሶራይዳ ወለሉ ላይ ሲያርፉ ዶን ኤቫሪስቶ ዛፉን ለቀው ክንዳቸውን ያዙ።

"ፍሎሪቤት ደስ እንዲላት ብዬ ነው እሺ ያልኳት፤" አሉ ዶኛ ሶራይዳ በቀስታ። "ካርታጎ ብርድ ነው። ማንንም አላውቅም።"

"እኔ እንዳይሄዱ እፈልጋለሁ፤" አሉ ዶን ኤቫሪስቶ። ስድስት ዓመት የፈጀ ነገር ይኸው ነበር።

ዶኛ ሶራይዳ ውሃ በሚንጠባጠብ የራስ ቁር ስር ሆነው አዩዋቸው። "ታዲያ ልጄን ምን ልበላት?"

አምስት ሽቦ ይቀር ነበር፤ መመለሻ የለም፣ ጨረስነው። ዶን ኤቫሪስቶ በአምስቱም ላይ ጮኹ።

ከዚያ ወጥተን መንገድ ዳር ካለው ድልድይ ስር ወረድን፤ ሙቁ ወንዝ በነፃ ወደሚፈስበት፣ የሰፈሩ ሰው ወደሚታጠብበት። የዋና ልብስ የያዘ አልነበረም። ዶን ኤቫሪስቶ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አጠፉ። እሳቸው እንዳሉት ነው፤ አይብ ነው። ዶኛ ሶራይዳ አይተው ሳቁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱና "እፎይ" አሉ። ከዚያ ዶኛ ሶራይዳ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ሊግያ፣ ስልክሽን ስጪኝ። ዛሬ ካልነገርኳት ማክሰኞ እሳፈራለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።"

ደወሉ። ካርታጎ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቁ። የልጅ ልጃቸው ጥርስ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። የሙዝ ዋጋ ጠየቁ። እኔ በእጄ "ይበሉ እንጂ!" ስላቸው ጀርባቸውን አዞሩብኝ።

"ፍሎሪ፣ ማክሰኞ አልመጣም፤" አሉ ድንገት። "የለም፣ አላመመኝም... ረቡዕም አልመጣም።"

ከስልኩ ውስጥ የፍሎሪቤት ድምፅ ቀጥኖ ይሰማ ነበር። "እማዬ፣ ክፍልሽን ቢጫ ቀብቼልሻለሁ እኮ፤" ስትል ሰማኋት።

ዶኛ ሶራይዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከ"በደስታ" በፊት የሚመጣ ፊት ነው። ዶን ኤቫሪስቶም አዩት። አልተማጠኑም፣ ክንዳቸውንም አልነኩም፤ አቀርቅረው ውሃውን ያዩ ጀመር። ያን ዕለት ከሽቦው ሁሉ ይልቅ ያኔ ጀግና ሆነው ታዩኝ።

"ቢጫ እወዳለሁ፣ ልጄ፤" አሉ ዶኛ ሶራይዳ። "ለገና መጥቼ እተኛበታለሁ። መኖር የምፈልገው ግን እዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ዝም አልኩና አለፋሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ስልኩን መለሱልኝ። እርጥብ ነበር።

"ምን አለች?" አሉ ዶን ኤቫሪስቶ።

"አለቀሰች።"

"ይቅር ትልዎታለች።"

"ትለኛለች። ዛሬ ግን አይደለም።" አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ እሳቸው ዞሩ። "እርስዎም ሊጠይቁኝ የፈለጉት ሌላ ነገር ካለ ይጠይቁኝ። ነገር ግን አስቤበት ነው የምመልሰው። ደስ እንዲልዎት ብዬ እሺ አልልም።"

"እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው፤" አሉ ዶን ኤቫሪስቶ፤ ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ።

"ሊግያ፣ አንቺ እስቲ ሂጂ፤" አሉኝ ዶኛ ሶራይዳ።

"በደስታ፤" አልኩና ትንሽ ቆየሁ። ድሮ ሦስተኛ ክፍል ባዩኝ ዓይን ሲያዩኝ ግን ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ የካርታጎው አውቶቡስ በሱቄ ፊት አለፈ። ዶን ኤቫሪስቶ በዶኛ ሶራይዳ በረንዳ ላይ ተደርድረው የነበሩትን ካርቶኖች አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ቤት ያስገቡ ነበር።

"ዶኛ፣ ለጥያቄያቸው እሺ አሏቸው እንዴ?" ብዬ ከመንገዱ ማዶ ጮኽኩ።

"እያሰብኩበት ነው!" አሉ ዶኛ ሶራይዳ በመስኮት። "እርስዎ ደግሞ ቀስ ይበሉ፣ እሱ ብርጭቆ ያለበት ነው።"

ዶን ኤቫሪስቶ ብርጭቆ ያለበትን ካርቶን እንደ ጥጃ አቅፈው፣ በራፉ ላይ ዝቅ ብለው ገቡ። እያፏጩ ነበር።