ሁለት የማርጋሪን ዕቃ

«የኔን ሪላክሰር ማነው ያነሳው?» ብላ ዮካስታ ከጓዳ ጮኸች።

እህቷ ዲሌኒያ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ በፕሮፌ ኔሬይዳ ፀጉር ውስጥ ቀብራ፣ ነጩን ቅባት ከሥር እስከ ጫፍ እያዳረሰች ነበር። የቀኙን ግማሽ ጨርሳለች። መብራት ከሄደ ሰዓት ስላለፈው የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ዝም ብለዋል፤ ሌሎቹ ደንበኞች ቢጎዲናቸውን እንደጠቀለሉ ደጅ ጥላ ሥር ወጥተው ሰው ያማሉ።

ኔሬይዳ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባኒ ከተማ ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ስለሌለ ሁሉም «ፕሮፌ» ይላቸዋል፤ ዲሌኒያንም ማባዛት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፀጉር በሚያለሰልሰው መድኃኒት፣ በሪላክሰር፣ የተቀቀለው ፀጉራቸው ከግንባራቸው በላይና ከጆሯቸው ኋላ ተመልጦ፣ ከአሥራ አራት ወር በፊት ዊግ አድርገው ነበር እዚህ ፀጉር ቤት የገቡት። ዲሌኒያ ያን ቀን «ሪላክሰር በቃ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ታጥባቸው፣ ራሷ የምታዋህደውን የማይታጠብ ኮንዲሽነር ትቀባቸውና እየጠማዘዘች ታስይዝላቸዋለች። ፀጉሩ ተመልሶ ወፍራም ሆኖ ጆሯቸውን ሸፈነ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ልጃቸው ታገባለች። አባቷ ስለሞተ ክንዷን ይዘው እስከ መሠዊያው የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው፤ ያለ ዊግ አደርሳታለሁ ብለው ለልጃቸው ቃል ገብተውላታል።

«ዲሌኒያ! አትሰሚም እንዴ? ሪላክሰሬን ነው የምልሽ!»

«እኔ ምን አውቄልሽ! ጣሳው ውስጥ የለም?»

«የጣሳው ክዳን ተሰብሮ ጠዋት በማርጋሪን ዕቃ ገለበጥኩት ብዬሽ የለም? ቢጫ ክዳን ያለው።»

አላለቻትም። የዲሌኒያ እጆች ባሉበት ቆሙ።

በባኒ የማርጋሪን ዕቃ ከፍቶ ማርጋሪን ያገኘ ሰው የለም። አንዱ ቤት ባቄላ፣ አንዱ ቤት ቁልፍና መርፌ ይገኝበታል። የዲሌኒያ ኮንዲሽነርም የሚቀመጠው ቢጫ ክዳን ባለው የማርጋሪን ዕቃ ነው። ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች፤ እዚያ ላይ ያው ዓይነት ዕቃ ሳይከፈት ተቀምጧል። ጣቷን አሸተተች። ጉንፋን ከትናንት ጀምሮ አፍንጫዋን ስለደፈነው ምንም አልሸተታትም። ዮካስታ ብቅ ስትል እጇን ዘረጋችላት። እህቷ ጠጋ ብላ አሸተተችና ክው አለች።

«ፕሮፌ፣ ይነሱ። እንታጠብ።»

«ይሄ አይታጠብም፣ ይተዋል ስትዪኝ አልነበር?»

«ዛሬ ይታጠባል። ቶሎ ይበሉ!»

ማጠቢያው ላይ አስተኛቻቸውና ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ቀጠነ፣ ሁለት ጊዜ አስሎ ቀጥ አለ። መብራት ከሌለ ፓምፑም የለም። ዲሌኒያ ፎጣ በፎጣ ላይ እየቀያየረች ቅባቱን ትጠርግ ጀመር። ዮካስታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጣ፣ ከማዕዘኑ ሱቅ ትልቁን የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ታቅፋ መጣች።

«አፍስሺው!»

አፈሰሰችው። ዲሌኒያ የሪላክሰር ማጠቢያውን ሻምፑ ጨመረች። መድኃኒቱ ካለቀ አረፋው ነጭ ይሆናል፤ ካለ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ሆነ። ደግመው አጠቡት፤ አሁንም ሮዝ ነው። ዮካስታ ሁለተኛ ጀሪካን ልታመጣ ሮጠች። ፕሮፌ ዓይናቸውን ጨፍነው የወንበሩን እጀታ ጨብጠዋል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሦስተኛው ላይ አረፋው ገረጣ፣ አራተኛው ላይ ነጭ ሆነ።

ዲሌኒያ እፎይ ብላ እጇን ስታነሳ፣ ከግንባራቸው በስተቀኝ የነበረው ጭብጥ የሚያህል ፀጉር ተከትሏት መጣ።

ዮካስታ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻትና በሹክሹክታ፦

«እንዳትነግሪያቸው። ድሮም የተጎዳ ፀጉር ነው፣ ሰበብ አይጠፋለትም።»

«እኔ ነኝ የቀባኋቸው።»

«ማን አየሽ? ደጅ ያሉት ከሰሙ እኮ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ራሷን የምትሰጥ ሴት የለችም። ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ።»

ዲሌኒያ ፈራች። የምትተዳደረው በዚህች ፀጉር ቤት ነው፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ግን እኚህ ሴትዮ አሥራ አራት ወር ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ለእጇ ሰጥተዋል። ተመልሳ ሄደች፣ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረችና ፀጉሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ፕሮፌ፣ ዕቃ ተሳስቼ ሪላክሰር ቀባሁዎት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፕሮፌ መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ መስታወቱን አዩ። በስተቀኝ ፀጉራቸው እንደ ክር ተልፈስፍሶ ወርዷል።

«አሥራ አራት ወር!» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «የልጄ ሰርግ ቀን፣ ዲሌኒያ! ዛሬ!»

«አውቃለሁ። ይስደቡኝ። ግን ሲያቃጥልዎት ምነው ዝም አሉ?»

ፕሮፌ መዳፋቸው ላይ ያለውን ፀጉር በጣታቸው ዳሰሱት።

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሲያቃጥለኝ ኖሯል» አሉ። «እናቴ ‹ክፉ ፀጉር ነው የሰጠሽ፣ ቻይው፤ ቁንጅና የፈለገ በሕመም ኮከብ ያያል› ትለኝ ነበር። ዛሬም ሲለበልበኝ የፀጉሬ ጥፋት መሰለኝ።»

ዲሌኒያ እንባዋ መጣ። ዋጥ አደረገችው፤ ጊዜ የለም።

«የተረፈው አሁኑኑ ኮንዲሽነር ካልጠጣ ማበጠሪያ ሲነካው ይበጠሳል። ቀብቼ፣ በስተቀኝ ጠምዝዤ የተመለጠውን እሸፍነዋለሁ» ብላ ሁለተኛውን ዕቃ ከፈተች።

ፕሮፌ አንጓዋን ያዙት።

«ይሄኛውስ ምን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? አፍንጫሽ እንደሆነ አይሠራም።»

ዮካስታ «እኔ አሸትተዋለሁ ፕሮፌ» ብላ ጠጋ አለች። ፕሮፌ እንኳን እጃቸውን ሊለቁ ዞር ብለውም አላዩዋትም።

ሰርጉ ላይ ዲሌኒያም ተጠርታለች። ትናንት ፀጉሯን በፎን አለስልሳ፣ ራሷ ዙሪያ ጠምጥማ በማስያዣ አስይዛው ነበር ያደረችው። ቱቢ ይሉታል፤ ጠብታ ውሃ ከነካው የአንድ ቀን ድካም ገደል ይገባል። እጇን ከፕሮፌ ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀችና ማስያዣዎቹን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዮካስታ። «ሰርጉስ?»

ዲሌኒያ ከዕቃው ሙሉ እፍኝ ዘግና ከግንባሯ በላይ ቆዳዋ ላይ አሸችው። ትናንት የተለሳለሰው ፀጉሯ ወዲያው መኮማተር ጀመረ። ከፕሮፌ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠች።

«አሥር ደቂቃ እንጠብቅ» አለች።

ደጅ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ፕሮፌን ሊወስድ የመጣው ወንድማቸው ነው። ደጋግሞ ነፋ።

«ይጠብቅ በይው» አሉ ፕሮፌ ለዮካስታ። የወደቀውን ፀጉር በመሐረባቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አዩና ወንበራቸውን ወደ ዲሌኒያ አዞሩ።

«ካቃጠለሽ ዝም እንዳትዪ» አሏት።